መስታወቱን የሸፈነው ፀጉር አስተካካይ

ወንድሜ ከተወለደ ጀምሮ «አላውቅም» የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። መንገደኛ አስቁሞት ሰምቶት የማያውቀውን ሰፈር ሲጠይቀው እንኳ «ቀጥ በል፣ ከዚያ ወደ ግራ ታጠፍ» ብሎ ይሸኘዋል። ሰውየው የት እንደሚደርስ ፈጣሪ ይወቅ። ልጅ እያለ እናታችን «ይሄ ልጅ ወይ ዳኛ ይሆናል፣ ወይ ዳኛ ፊት ይቆማል» ትል ነበር። ሁለቱንም ሳይሆን ፀጉር አስተካካይ ሆነ። ለነገሩ ይሻለዋል፤ ምላጭ አንገቱ ላይ ያለ ሰው ይግባኝ አይልም።

እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፣ መጋረጃ እሰፋለሁ። የኔን ክፍል ከሱ ፀጉር ቤት የሚለየው አንድ ስስ ጣውላ ስለሆነ የስፌት መኪናዬ ዝም ባለ ቁጥር ወሬው ሁሉ ይሰማኛል። ጆሮ ጠቢ ናት እንዳትሉኝ፣ ጣውላውን ያቆመው እሱ ራሱ ነው። ደንበኞቹ «አዋቂው» ይሉታል። እኔም ስናደድ እንደዚያው እለዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ማዶ ያለው ቪዲዮ ቤት አዲስ ፊልም አመጣ ተባለ። ሚስቱ ዳቦ ቤት ስለምትሠራ ቅዳሜ አይመቻትም፤ እኔን ጎትቶ ወሰደኝ። ፊልሙ ሲጀምር ግራጫ የለበሱ ሰዎች በረሃ መሃል ተሰብስበው ያለቅሳሉ። ፀጉሯን የተላጨች መሪያቸው አንድ ረጅም ደረጃ ትወጣለች፣ ከላይ ብርሃን ይመጣል፣ ከዚያ እሷ የለችም። የሰማይ መርከብ ይውሰዳት፣ ተከታዮቿ ገፍተው ይጣሏት፣ የሚያውቅ የለም። ወዲያው የተዋንያኑ ስም ዝርዝር እስኪታክተን ወረደ። ልንነሳ ስንል ባለቪዲዮ ቤቱ «ኧረ ቁጭ በሉ፣ አላለቀም!» አለ። ከዚያ የፊልሙ ርዕስ በትልልቁ መጣ፤ ያቺው ሴትዮ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ተዘናፍሎ ወጥ ቤቷ ውስጥ ዕቃ ስታጥብ አየናት። ከመሬት በታች የተቀበረ ማሽን ያናግራታል። ሰው ይከተላታል፣ ግራጫ ይለብሳል፣ በየቤቱ መስታወት በጨርቅ ይሸፈናል። ሴትዮዋ ምላጭ ወደ ፀጉሯ ስታስጠጋ ፊልሙ ቀጥ አለና መብራት በራ። አሁን አልቋል ተባልን።

ተያየን። የሰፈራችን ጡረተኛ የሒሳብ መምህር መነጽሩን አውልቆ «ምን ለማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ወንድሜ ብድግ አለ። ወይኔ ጉዴ፣ አልኩ በሆዴ።

«ግልጽ እኮ ነው» አለ። «ርዕሱ መሃል ላይ የመጣው ሰው ስሙን የሚያገኘው ካለፈ በኋላ ስለሆነ ነው። ፀጉሯ ያደገው ከሰማይ ስለተመለሰች ነው። ወደ ላይ የወጣ ሁሉ መጨረሻው ዕቃ ማጠብ ነው። ትሕትና ይሉሃል ይሄ ነው!»

ይሄን የሚለው በቤቱ አንድ ብርጭቆ አለቅልቆ የማያውቅ ሰው ነው። ሰዉ ግን አፉን ከፍቶ ቀረ። ፋርማሲ የምትሠራው ሴትዮማ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ከዚያ ወዲያ ጉድ ፈላ። መምህሩና ፋርማሲስቷ በየቀኑ ከሰዓት ፀጉር ቤቱ እየመጡ ፊልሙን ማስተንተን ጀመሩ፤ ሌላውም ተከተላቸው። ወንበር ሲጠፋ የኔን አግዳሚ ተሸክመው ወሰዱት፣ «በውሰት» ብለው። ደረጃው ምንድነው፣ ማሽኑ ማን ነው፣ ገደሏት ወይስ ተወሰደች? ለሁሉም መልስ አለው። ሰኞ ተወሰደች ይላል፣ ረቡዕ ደግሞ ገድለዋታል ይላል፣ ሁለቱንም ቀን ያጨበጭቡለታል። መምህሩ ግራጫ ሹራብ ለብሶ መጣ። በማግስቱ ፋርማሲስቷም ግራጫ ሻርፕ ጣል አድርጋ። ኋላ ተያይዘው እኔ ጋ መጡና «እህታችን፣ ግራጫ ጨርቅ ስፊልን» አሉኝ። «እኔ የምሰፋው መጋረጃ ነው» ብዬ ልገላገላቸው ስል «እኛም የፈለግነው መጋረጃ ነው» አሉ።

መስታወቱን ሸፈኑት! ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ሰው ፀጉሩን የሚያይበትን መስታወት! «ራስህን በሌላው ዓይን እይ» አለ ወንድሜ። ሊያገባ ቀን የቆረጠ አንድ የታክሲ ሾፌር ተቆርጦ ወጣና ጉዱን በመኪናው መስታወት አየው፤ አንዱ ጎን ከጆሮ በላይ፣ ሌላው ከጆሮ በታች። እየጮኸ ተመልሶ ሲመጣ መምህሩ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ጥያቄህ ትክክል ነው፣ መልሱ ግን ገና አልደረሰልህም» አለው። ሾፌሩ የመለሰውን ስድብ እዚህ አልደግመውም፤ ግን ልቤን አራሰው።

ይሄ ሁሉ ባልከፋ። ፀጉር ቤቱ ሲጠባቸው ቤቱ መግባት ጀመሩ። ሚስቱ ቀኑን ሙሉ ዳቦ ቤት ቆማ ስትሸጥ ውላ እግሯ አብጦ ስትመጣ አልጋዋ ላይ ተቀምጠው ታገኛቸዋለች። የሻይ ብርጭቆው ክምር ነው። አንድ ቀን እኔም ነበርኩ፤ ቦርሳዋን ከትከሻዋ እንኳ ሳታወርድ ዕቃውን ማጠብ ስትጀምር ወንድሜ «ተመልከቱ!» አለ። ሁሉም ወጥ ቤቱ በር ላይ ተደርድረው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ በአክብሮት ያዩዋት ጀመር። አንድ እንኳ «ላግዝሽ» ያለ የለም። እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ እስክገባ ብርጭቆውን አስቀምጣ ወጣች። እናቷ ቤት ገባች።

ተከትያት ሄድኩ። «እትዬ» አለችኝ፣ «እኔ ፊልሙን ይተው አላልኩም። አንድ ቀን፣ ሰው ፊት፣ አላውቅም ይበል፤ እመለሳለሁ። አላውቅም ማለት የሚችል ሰው ሚስቱን ‹ምን ሆንሽ?› ብሎ ይጠይቃል። እሱ እኮ ሳልነግረው ምን እንደሆንኩ ያውቃል!»

ይሄንኑ ስነግረው «ተናዳ ነው፣ ትመለሳለች፣ አውቃታለሁ» አለኝ። አፉ እንዲያ ይላል እንጂ ከሳ። በጣውላው በኩል ብቻውን ደረቅ ዳቦ ሲያኝክ እሰማው ነበር፣ የሷ ዳቦ ቤት ዳቦ። ተናድጄበትም አንጀቴን በላው።

በዚህ መሃል ባለቪዲዮ ቤቱ ሊላጭ መጣ። ቶንዶሱ ሲንጫረር ቆየና «አዋቂው» ሲል ሰማሁት፣ «አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትቆርጠኝ ግን። ያ ፊልም ሁለት ዲስክ ነው። ሁለተኛውን ነው መጀመሪያ ያስገባሁት። ሴትዮዋ መጀመሪያ ዕቃ ታጥባለች፣ በመጨረሻ ደረጃውን ትወጣለች። ቀደም ብዬ ልነግርህ ነበር፣ ሰዉ ሲወደው ጊዜ ዝም አልኩ።» ቶንዶሱ ቀጥ አለ።

ሰውየው ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ ሲወጣ እኔ እየሮጥኩ ገባሁ። ወንድሜ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተሸፈነውን መስታወት ያያል።

«ተገላገልክ!» አልኩት። «እሁድ ሰብስባቸውና ንገራቸው። ሚስትህን እኔ አመጣታለሁ።»

«እትዬ፣ ምን ይሉኛል?»

«ሰው ይሉሃል። ከአሁን በፊት ብለውህ አያውቁም።»

ሳቀ። ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር እንዲያ ከሳቀ፤ እሺ ብሎ ቃል ገባልኝ።

እሁድ ፀጉር ቤቱ ግጥም አለ። ሚስቱም ሻንጣዋን ይዛ መጥታ በሩ ላይ ከኔ ጎን ቆመች። ወንድሜ አያት፣ ከዚያ እግሩን አየ። ላቡ ጠብ ጠብ ይላል።

«ዲስኩ ተገላብጦ ነው ያየነው» አለ። «መጀመሪያውና መጨረሻው ተምታቶ። የነገርኳችሁ ሁሉ ከራሴ ያወጣሁት ነው። በትክክል ቢታይም ሴትዮዋ ትወሰድ፣ ትገደል... እኔ እንጃ። አላውቅም።»

ልጅቷ ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች። እኔ በነጠላዬ ጫፍ ዓይኔን ጠረግሁ፣ ምን እደብቃለሁ፤ ደስ አለኝ።

መምህሩ ቀስ ብሎ ተነሳ። «አላውቅም» አለ፣ ቃሏን እንደ ከረሜላ እያላመጠ። «መጨረሻው መጀመሪያ፣ መጀመሪያው መጨረሻ! ዲስኩ ዝም ብሎ የተገላበጠ ይመስላችኋል?»

«ዛሬ ገና ገባኝ» አለች ፋርማሲስቷ። «አላውቅም የሚል መሪ የት ይገኛል? በሉ እናንተም በሉት!»

«አላውቅም! አላውቅም!» አሉ ሁሉም፣ ጣውላው እስኪንቀጠቀጥ። ጭብጨባው ቀለጠ።

በስመ አብ! ዓይኔን ወደ ወንድሜ ወረወርኩ። ዝም በል፣ አልኩት በሆዴ፣ ስለ እናታችን ብለህ ዝም በልና ወደ ሚስትህ ና። አንድ እርምጃ ወደ እኛ ተራምዶ ነበር፣ ምስክር ነኝ። ግን ጭብጨባው ፊቱን ሲያፈካው አየሁ። ዞረላቸው።

«አላውቅም ስል» አለ እጁን አንስቶ፣ «ሦስት ነገር ማለቴ ነው።»

ልጅቷ ሁለተኛውን ሳትሰማ ሻንጣዋን አነሳች። መምህሩ «ወዴት እየሄደች ነው?» ሲል ወንድሜ ጀርባውን እንደሰጠን «እናቷ ቤት ነው፣ አውቃለሁ» አለ።

እናቷ ቤት አልሄደችም። ሌላ ከተማ ዳቦ ቤት ሥራ አግኝታ ነበር፤ እሁድ የመጣችው ሥራውን ትቼ ልቅር ወይስ ልሂድ ብላ ነው። አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ሸኘኋት። አድራሻዋን ነገረችኝና «ከጠየቀሽ ንገሪው» አለችኝ።

እሱ እናቷ ቤት ሄዶ ሲያንኳኳ ዋለ። የለችም ሲሉት «ደብቀዋታል» ብሎ ተመለሰ። አሁን በቀን በቀን መቀስ ልዋስ ብሎ እኔ ክፍል ይገባል። መቀስ አንሶት አይደለም፤ ፀጉር አስተካካይ ነው። ቆም ይላል፣ ዓይኔን ያየኛል፣ አፉን ይከፍታል። እኔም መኪናዬን አቁሜ እጠብቀዋለሁ። ከዚያ ስለ አየሩ አንድ ነገር ተናግሮ ይወጣል።

የት እንዳለች እስካሁን አልጠየቀኝም።