ግማሽ ቀበሮዋ

ዓይናለም በሚባለው ቦታ የውኃ ጉድጓድ ስጠብቅ፣ ቀበሮ ከሰፈር ውሻ የወለደቻት አንዲት ክልስ በአጥሩ ሥር ትመላለስ ነበር። ሹል አፏ የእናቷ፣ ቡራቡሬ ጠጉሯ የአባቷ። ሰው አትነካም።

አንድ ቀን የባዘኑ ውሾችን የሚመዘግብ የተማረ ሰው መጣ። ለተመዘገበ ውሻ መርዝ እንደሚጣልለት ስለማውቅ "ይህቺ ግማሽ ቀበሮ ናት፣ ተዋት" አልኩት።

"አቦይ፣ ቅጹ ላይ ግማሽ የሚባል ነገር የለም።"

"ታዲያ አንተ ጻፍበታ!"

"ቅጽማ አይበላሽም" ብሎ "ውሻ" የሚለው ላይ ምልክት አደረገ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው፤ ያም ሆኖ ወረቀትን ከዓይኔ አስበልጬ አላውቅም።

በሳምንቱ የተመረዘ ሥጋ በልታ ሞተች። ሰውዬው የሞቱትን ሊያጣራ መጥቶ አገላብጦ አያትና "አቦይ፣ ይህቺ እኮ ቀበሮ ትመስላለች" አለኝ።

ደንቆሮውን እዚያው ትቼው ዞርኩ። አካፋዬን አንስቼ መቅበሪያዋን መቆፈር ጀመርኩ።