ከጥናቴ ያስቀረኋት ለቃሚ

ይህን ሙሉውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ «በወጣትነቴ ያጠፋሁት ነገር አለ» ብዬ ነው ያለፍኩት። ዛሬ ግን ጥፋቱን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። እኔ የቡና ሌባ ነበርኩ። የሰረቅኩት የገዛ አባቴን ቡና ነው። የተባረረችው ግን ሌላ ሰው ናት፤ ያስባረርኳትም በጥናት ነው።

ሰው በጥናት ይባረራል? ይባረራል። እኔ አባርሬያለሁ።

ያደግኩት ከሸኮ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የቡና መሬት ላይ ነው። ቡናው ሲቀላ አባቴ እሁድ እሁድ ቅዳሴ ይሄዳል፤ እኔ «አሞኛል» ብዬ እቀራለሁ። እሱ ሳይመለስ አንድ ከረጢት እሸት ቡና ለቅሜ መንገድ ዳር ለሚጠብቀኝ ነጋዴ እሸጣለሁ። በዚያ ጫማ ገዛሁ፣ ስልክ ገዛሁ፣ በሚኒባስ ሚዛን ተፈሪ ሄጄ እንደ ትልቅ ሰው ጥብስ አዘዝኩ። አባቴ ቅርንጫፉ ተራቁቶ ሲያገኘው ለቃሚዎቹን ጠረጠረ። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል፤ የኔ አባት ሌባ ስላልነበረ አመነኝ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሶሲዮሎጂ ተማርኩ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት ርዕስ ምን መሰላችሁ? የቡና ስርቆት! ርዕስ ጠፍቶ ነው? አይደለም። በጉዳዩ ላይ ከኔ የበለጠ አዋቂ ስላልነበረ ነው። የቀበሌውን ሊቀ መንበር አስከትዬ በየባለመሬቱ ቤት እየገባሁ ጠየቅኩ። ሁሉም አንድ ቃል ተናገሩ፦ «ሌባውማ ለቃሚው ነው። አገሩ አይታወቅ፣ ዋስ የለው።» እኔም ጻፍኩ።

ከለቃሚዎቹ የጠየቅኩት አንዲት ሴት ብቻ ነው፤ እሷንም ለይስሙላ። እት ወርቅነሽ ትባላለች። በየዓመቱ ለለቀማ ከሩቅ ዞን እኛ ጋ የምትመጣ፣ በዕድሜ ታላቅ እህቴ የምትሆን ሴት ናት። «ቡና የሚሰርቀው ማነው?» አልኳት። እጇን ከቅርንጫፉ ሳታነሳ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ወንድሜ፣ ሌባው ካባቱ ደጅ አይርቅም» አለችኝ። «እሁድ እሁድ ማን ቤት እንደሚቀር ጠይቅ።»

ስሰርቅ አይታኛለች ማለት ነው! ምን አደረግኩ? ቃሏን ከጥናቱ አወጣሁት። ለአማካሪዬም «አማርኛዋ ስለማይገባ መልሷን አልወሰድኩትም» አልኳት። የእት ወርቅነሽ አፍ መፍቻ ሌላ ቋንቋ መሆኑ እውነት ነው። እኔ ግን ከዚያ የጠራ አማርኛ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ጽሑፌ ተመሰገነ፤ በቀበሌው ስብሰባም ተነበበ። ባለመሬቶቹ «ይኸው፣ የተማረው ልጃችን አረጋገጠው» ብለው ዋስ የሌለው ለቃሚ እንዳይቀጠር ወሰኑ። ከሩቅ የመጣች ሴት ዋስ ከየት ታመጣለች? አባቴ ደጃፋችን ላይ አሰናበታት። ምንጣፏን ጠቀለለች። ስሜን አላነሳችም። እኔ፣ ሌባው፣ ካባቴ ኋላ ቆሜ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ «መንገድ ይቅናሽ» አልኳት።

በሚቀጥለው ዓመት ለቃሚዎቹ አልነበሩም፤ ቡናው ግን ከበፊቱ ብሶ ይጠፋል። እኔ ትቼዋለሁ፣ ሌሎቹ የባለመሬት ልጆች ግን አልተዉም። ለሁለተኛ ዲግሪዬ ስመለስ ያችው አማካሪዬ ጥናቴን እንደገና አገላብጣ አየችውና፣ «ሊቀ መንበር አስከትለህ ከጠየቅህ የምትሰበስበው መረጃ አይደለም፣ ሰላምታ ነው» አለችኝ። ያን ቀን ጥናት የሚባለውን ነገር መማር ጀመርኩ።

ብቻዬን ሄድኩ። ጆተኒ ከሚጫወቱ የባለመሬት ልጆች ጋር ዋልኩ። «ትሰርቃላችሁ?» አላልኩም። «የእናንተ እኩያ ጫማ ሲያምረው ከየት ያመጣል?» አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ያኔ የራሴን ነገርኳቸው፤ ቅዳሴውን፣ ከረጢቱን፣ ነጋዴውን። በሳቅ ፈነዱ። «እኛን ለማናገር ያወጣኸው ዘዴ ነው!» አሉኝ። አንዳቸውም አላመኑኝም። ምላሳቸው ግን ተፈታ። የክርስቲያኑ ልጅ እሁድ፣ የሙስሊሙ ልጅ ዓርብ፣ አባት ለጸሎት ሲወጣ ልጅ ቡናው ውስጥ ይገባል።

እት ወርቅነሽን ፈልጌ ፈልጌ ቴፒ፣ በሌላ ሰው ማሳ ቡና ስትለቅም አገኘኋት። «አሁንስ የምልህን ትጽፋለህ?» አለችኝ። «እጽፋለሁ» አልኳት። ያንኑ ቃሏን ደገመችልኝ። አንድም ሳላጎድል ጻፍኩት።

ውጤቱን በዚያው በቀበሌው አዳራሽ አቀረብኩ። የማንንም ስም ሳልጠራ አነበብኩ። የእሷን ቃል ሳነብ አባቶች ወደ ልጆቻቸው፣ ልጆች ወደ ጣሪያው ማየት ጀመሩ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ጮክ ብለው፣ «ለካ እኛ አጥር ስንጠብቅ ሌባው ቤት ውስጥ እጃችንን ያስታጥበናል!» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የዋስ ውሳኔው እዚያው ተሻረ! እት ወርቅነሽ በጥሪዬ መጥታ ፊት ተቀምጣ ነበር። አባቴ ተነስቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቃት። ደስታዬን በምን ቃል ልንገራችሁ? እንደዚያ ቀን ደረቴ ሞልቶ አያውቅም።

አባቴ ግን በዚያ አላበቃም። ወደኔ ዞሮ፣ «የሰው ልጅ ሲሰርቅ፣ የኔ ልጅ እውነቱን አወጣው!» አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። አንገቴን ደፋሁ፤ ሰዉ ትሕትና መሰለው። እት ወርቅነሽ ትንሽ ጠበቀችኝ። ዝም ስል ጊዜ እሷም አጨበጨበች።

ድል ነበር፤ አልክደውም፣ እኮራበታለሁም። ለቃሚዎቹ ተመልሰዋል። እት ወርቅነሽ ዘንድሮ አባቴ መሬት ላይ የለቃሚዎቹ ካቦ ናት፤ እኔም ተማሪዎቼን «የሚያስፈራችሁን መልስ ከጥናታችሁ አታውጡ» እያልኩ አስተምራለሁ። ግን ከሁለተኛው ጥናቴም ያወጣሁት መልስ አለ፤ የራሴ ነው። ልጅ ነበርኩ አልልም። ገና መማሬ ነበር አልልም። አውቄ ሰረቅኩ፣ አውቄ ዋሸሁ፣ አውቄ ተጨበጨበልኝ። እት ወርቅነሽ፣ ይቅር በይኝ ለማለትም አፌን የምከፍተው ይህን አባቴ ፊት ካነበብኩት በኋላ ነው።

ነገ እሁድ ነው። አባባ፣ ያኔ ከቅዳሴ ሳትመለስ ለመጨረስ እጣደፍ ነበር። ነገ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ እስክትመለስ እጠብቅሃለሁ።