ምንም ያልጎደለው ቤት

የአክስቴ ባል የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሰፈሩ «ጠብታ» ይለዋል። ሰው ቤት ተጋብዞ ሻይ ሲጠጣ እንኳ ጆሮው ጓዳ ነው፤ የሚያንጠባጥብ ነገር ከሰማ ብርጭቆውን አስቀምጦ ይነሳል። የራሱ ቤት ግን ሌላ ነው። የእቃ ማጠቢያቸው ሥር ባልዲ የተቀመጠው እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። እሱ «ነገ እሠራዋለሁ» ይላል፤ አክስቴ ባልዲውን ትደፋለች። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የሚባለው እሱ ዘንድ አልደረሰም።

አምና ያላቸውን ጥሪት አሟጠው የሚከራይ ቤት ገዙ። ዛሬ ገብተህ ዛሬ የምታድርበት፣ ቀለሙ የደረቀ፣ በሩ ሲጢጥ የማይል፣ ምንም ያልጎደለው ቤት ነበር። ጉልበት ሲደክም ኪራዩ ይጦረናል ብለው ነው። አክስቴ ወጥ ቤቱ ገብታ ቧንቧውን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከሥሩ እጇን ዘርግታ ጠበቀች። አንዲትም ጠብታ አልወረደችም። ደረቅ እጇን አይታ ወጣች።

አንዲት ነርስ ከነልጆቿ ተከራየችው። ጥሩ ሰው ናት፤ ኪራይም አታሳልፍም። የአክስቴ ባል ግን ማረፍ አቃተው። እቤቱ ቁጭ ባለ ቁጥር ያ ቧንቧ ምን ሆኖ ይሆን ይልና መፍቻውን አንጠልጥሎ ይሄዳል። ያልላላውን ያጠብቃል፤ ያልተደፈነውን ይከፍታል። አንድ ቀን ነርሷ ከአዳር ሥራ ገብታ ገና ጋደም እንዳለች ጣሪያው ላይ ወጥቶ ያንኳኳ ጀመር።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ምንም አልተበላሸብኝም» አለችው ከደጅ ሆና።

«እስኪበላሽ ምን አስጠበቀን?»

በወሩ መጨረሻ ቁልፉን መለሰች። «ቤቱም ጥሩ ነው፣ እርስዎም ጥሩ ሰው ነዎት። ግን አላሳርፍ አሉኝ» አለችው። እኔ ብሆን ያን ያህልም አልታገሥም ነበር።

ቤቱ ባዶ ሲቀር ጭራሽ ባሰበት። ለደላላው ይደውላል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ምሳውን እንኳ ቆሞ ነው የሚበላው። «መጦሪያችን ቀረ» ይላል ላገኘው ሁሉ። ቅዳሜ ጠዋት የዚያን ቤት መስኮት ሲወለውል አክስቴ ሻንጣ ይዛ ገባች፤ እኔ ፍራሽ ተሸክሜ ከኋላዋ ነበርኩ።

«ተከራይ መጥቷል» አለችው።

«የታለ?»

ሻንጣዋን ወጥ ቤቱ መሃል አስቀመጠች። «እኔ ነኝ። ኪራዩን ከልብስ ስፌቴ እከፍላለሁ።»

«ምን ነካሽ አንቺ? ቤት የለሽም እንዴ?»

«አለኝ። ግን ለተከራይ ሳይጠራህ ትደርሳለህ። እስቲ እኔም ተከራይህ ልሁንና ልየው።»

ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቀም። የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠ፤ ያን የማያርፍ ሰው እንዲያ ተዝለፍልፎ ሳየው አንጀቴን በላው።

«እንዲህ ከከፋሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ነግሬህ ነበር እኮ» አለች ሻንጣዋን እየከፈተች። «ግን ሚስትህ ሆኜ ነው የነገርኩህ።»