አባቴ ደጃፍ ላይ የቆሙበት ምርመራ

የዕድሜዬን እኩሌታ ያሳለፍኩት የአረጋውያንን አረማመድ በማጥናት ነው። አንጎል እግርን ማዘዝ ሲሳነው ስለሚሆነው ስናገር አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ ጸጥታው የአክብሮት ይሁን የእንቅልፍ አጣርቼ አላውቅም።

ባለፈው በጋ ወንድሜ ከመካነ ሰላም ደወለ። «የአባባ እርምጃ አጥሯል። ከበቅሎዋ ወድቀው ሳይሰበሩ እንሽጣት ብንላቸው፣ ‹እህትህ ትምጣና ትፍረድ› አሉ።» ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገት ላይ ነው፤ አባቴ ያለ በቅሎ ገበያ አይወጡም፣ ወዳጅም አያገኙም።

አንድ ወጣት ሐኪም ባልደረባዬን ይዤ ሄድኩ። ምርመራውን በጥንቃቄ አሰናዳሁት፦ አባቴ ከግቢው በር ተነስተው ወደ ቤት ይገባሉ፤ ባልደረባዬ ቢወድቁ ሊይዛቸው ከኋላ ይከተላል፤ እስኪያበቃ ማንም አይናገርም።

አባቴ ደኅና መጡ። ደጃፉ ላይ ግን ቀጥ አሉ። ከወገባቸው ዘወር፣ መለስ፣ እንደገና ዘወር። አስደገምኳቸው፤ እዚያው ቆሙ። የፓርኪንሰን ሕመምተኛ በር ላይ ሲደርስ እግሩ መሬት ይዞ እንደሚቀር ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ! ድምፄ የጉባኤ ድምፅ ነበር። «በቅሎዋ ትሸጥ» አልኩ።

አባቴ እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ። «አሁን መናገር ይፈቀዳል?»

«ይፈቀዳል፣ አባባ።»

«እንግዳ ከኋላዬ አቁሜ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው ልግባ? ‹ግባ› እንዳልለው አፌን ዘጋሽው። በዓይኔ ብለምነው አይገባው! ወላሂ፣ በገዛ ደጄ አዋረድሽኝ።»

ባልደረባዬ ጫማውን ይመረምር ጀመር። ወንድሜ ሳቁን ይዞ ወደ ጓሮ ሮጠ።

እንግዳውን አስቀድመን አስገባን። አባቴም ደጃፉን ያለ አንዳች ችግር ተሻገሩ። ደስታዬ ግን አልሞላም፤ ግራ እጃቸው ከእርምጃቸው ጋር አይወዛወዝም። በራሴ ዓይን ስላላመንኩ ባልደረባዬን አየሁት፤ እሱም የሕመሙን ምልክት አይቶ ኖሮ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ሕመሙ ጀማምሮዎታል፣ አባባ» አልኩ። የጉባኤው ድምፅ በዚህ ጊዜ አልመጣልኝም።

«በቅሎዋስ?»

«መድኃኒት ይጀምሩ። ልጓሙን ሰው ይያዝልዎት እንጂ በቅሎዋ ትቆይ።»

«እንግዲያው አንቺ ያዢ። ፈራጇ አንቺ ነሽ።»

በገበያው ቀን ልጓሙን ይዤ ቁልቁለቱን ወረድን። አንድ ነጋዴ ከሩቅ ጮኸ፦ «ጋሼ፣ አዲስ ሠራተኛ ቀጠሩ እንዴ?»

«ቀጠርኩ፤ ሥራው ገና አልገባትም!»

እንዳልሰማ ሆንኩ። ኮርቻው ላይ ዝም ያለችውን ግራ እጃቸውን እያየሁ ነበር።