የሙዝ ኬክ ለእትዬ አስካለ

አያት ሰፈር ባለው ኮንዶሚኒየማችን ቆዳው የጠቆረ ሙዝ በሹካ ስጨፈልቅ፣ ሽታው ልጅ ሆኜ ወደኖርንበት ሲግናል ሰፈር ወሰደኝ።

ያን ቀን ከአርባ ምንጭ ዘመድ የላከልን ሙዝ ከልክ በላይ በስሎ ነበር። እማዬ ከዱቄት፣ ከስኳር፣ ከዘይትና ከቤኪንግ ፓውደር ጋር አማስላ ብረት ድስት ውስጥ ገለበጠችውና ክዳኑ ላይ ፍም ደረደረች።

"እማዬ፣ እንቁላሉን ረሳሽው!" አልኳት።

"አልረሳሁትም። እትዬ አስካለ ጾም ይዘዋል። ጎረቤት የማይቀምሰው ኬክ ኩፍ አይልም።"

እኛ ጴንጤዎች ስለሆንን ያንን ጾም አንጾምም ነበር። ኬኩ ግን ክዳኑን እስኪነካ ኩፍ አለ። እትዬ አስካለ በአጥሩ በኩል ትኩሱን ተቀብለው እማዬን "እጅሽ ይባረክ" አሏት። እኔ ደግሞ ለብዙ ጊዜ ኬክ ኩፍ እንዳይል የሚያደርገው እንቁላል ይመስለኝ ነበር።

አሁን ከጎናችን የገቡት ሰዎች ይጹሙ አይጹሙ አላውቅም። ብቻ ለኬኩ ያወጣኋቸውን እንቁላሎች ወደ ፍሪጅ መለስኳቸው።