«ጨለለቅቱ፣ እህቴ ቤት»

ያን ገጽ ለምን አልቀደድኩትም? በሩ ሲንኳኳ መጽሐፉ እጄ ላይ ነበር። ወረቀቱን በሁለት ጣቴ ይዤዋለሁ። ጊዜም ነበረኝ። መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ፊደል የቆጠርኩት ዲላ ውስጥ፣ የማታ ትምህርት ገብቼ ነው፤ እኩዮቼ ልጆቻቸውን ሲድሩ። መምህሬ በዕድሜ ታናሼ ነበር፤ ሠዓሊ፣ ስለ ሥዕል ምንነት የጻፈው መጽሐፍ ብዙ ሠዓሊዎችን ያከራከረ ሰው። በእሱ ሰበብ ስለ ሥነ ጥበብ የተጻፉ መጻሕፍትን መሰብሰብ ያዝኩ፤ የመጀመሪያ እትም፣ ያውም ደራሲው በእጁ የጻፈበትን ብቻ። ቦታ ያልተጻፈበትን ፊርማ ሙሉ ነው አልልም።

መምህሩ በአንድ ጽሑፉ ምክንያት ሲፈለግ ጨለለቅቱ ከተማ፣ እህቱ ቤት ተሸሸገ። ያለበትን ለእኔ ብቻ ነግሮኝ ነበርና በሞተር ሄጄ መጽሐፉን አስፈረምኩት።

«ቦታውንም ጻፍልኝ፣ መምህር።»

ሳቀ። «እትዬ፣ አንቺስ ከፖሊስ ትብሻለሽ» አለና ጻፈው።

ብዙም ሳይቆይ ፖሊሶች የተማሪዎቹን ቤት ይፈትሹ ጀመር። እኔ ዘንድም መጡ።

ጣቢያ ወስደው የእስረኞቹ ክፍል በር ላይ ጫማዬን አስወለቁኝ። ሲሚንቶው እርጥብ ነበር፤ በረኪና ይሸታል። ከወናጎ የመጡ አንዲት አዛውንት ቆጮ ነጋዴ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

«ምን አድርገሽ ነው፣ ልጄ?»

«መጽሐፍ ተገኝቶብኝ።»

«ወይ ጉድ! እኔን እንኳ ያሳሰረኝ የገዛ ምላሴ ነው። አንቺ የሰው ምላስ ተሸክመሽ?»

ጠዋት መርማሪው መጽሐፉን ገልጦ ጮክ ብሎ አነበበ። «ጨለለቅቱ፣ እህቴ ቤት» ሲል ድምፁ ለስለስ አለ። አልተመታሁም፤ አልተሰደብኩም። ገጹን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ወደ ክፍሌ መለሰኝ።

በማግስቱ ፊታችንን ልንታጠብ ስንወጣ መምህሩን ቧንቧው ጋ አየሁት። የሸሚዙ ቁልፎች ተበጥሰዋል። ውሃውን ለቀቀልኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የእህቴ ባል ሸጠኝ» አለ። «ሌላ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ፤ አንቺ ደግሞ አትናገሪም።»

ፊቴን ታጠብኩ። እንደገና ታጠብኩ።

«መጽሐፉንስ ደብቀሽው ነበር?»

ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩት።

ስፈታ መጽሐፉን መለሱልኝ። መጀመሪያ ያየሁት የገጹን ጫፍ ነው፤ አልታጠፈም። ይህን በማየቴ አፈርኩ። ጠባቂውን ለምኜ ወደ ክፍሉ ተመለስኩና ባዶ ሲሚንቶ ላይ ለሚተኙት ቆጮ ነጋዴ እናት ሰጠኋቸው።

«ማንበብ አልችል፣ ምን ላድርገው?»

«ይንተራሱት።»

መረቁኝ። ደግነት መስሏቸው ነው፤ ግማሹ ሽሽት ነበር።

መምህሩም ኋላ ተፈታ፤ የእህቱን ደጃፍ ግን ዳግም አልረገጠም። እህቱም ከባሏ ጋር በአንድ ገበታ መብላት እንዳቆመች ሰማሁ። ዛሬም የመጻሕፍቴን አቧራ እጠርጋለሁ፤ የተፈረመባቸውን ገጾች ግን አልገልጥም።

ዘንድሮ፣ ቡና ሲለቀም፣ ጨለለቅቱ ሄድኩ። ባልየው ግቢው ውስጥ የተሰጣ ቡና ያገላብጥ ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ገጹን፣ በሩን፣ ቧንቧው ጋ ዝም ማለቴን። እጁ ቡናው ላይ ቀረ። አልተቆጣም። ወደ ቤቱ ዞሮ ሚስቱን በስሟ ጠራት።

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። እሱ ወደ እኔ አላየም።

«ድገሚው» አለኝ።