ከጎረቤቴ ምንጣፍ ላይ መነሳት

ጉልበቴ መታመም የጀመረው ጡረታ ሳልወጣ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ አስተምሬ ምን ይሁን! ሕመሙንስ እየሰደብኩት አብሬው እኖር ነበር። ያስመረረኝ ጎረቤቴ ቤት የደረሰብኝ ጉድ ነው።

ጎረቤቴ ሶማሌ ናት፤ ጅጅጋ ውስጥ አንድ አጥር ተጋርተን ልጆች አሳድገናል። እሷ ቤት ሴቶች የሚጫወቱት ምንጣፍ ላይ፣ ትራስ ተደግፈው ነው። አንድ ቀን ሻዩ አልቆ ልነሳ ስል ጉልበቴ እምቢ አለ። ብታገል ብታገል ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ሁለት ሴቶች ብብቴን ይዘው እንደ ሩዝ ጆንያ አነሱኝ። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ እግሬ ከቤቷ ቀረ። ስትጠራኝ አንዴ ራሴን አመመኝ፣ አንዴ እንግዳ አለብኝ እላለሁ። ቆይታ እሷም መጥራቱን ተወችው። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዋ ቀዘቀዘ።

ከኮሮና በኋላ ጤና ጣቢያችን አንዲት ወጣት ዶክተር መጣች። “የቤተሰብ ሐኪም ነኝ” አለችኝ።

“የማን ቤተሰብ?”

ሳቀች። “የእርስዎ፣ ፈቃድዎ ከሆነ።”

እኔ የሄድኩት መርፌ ፍለጋ ነው። መርፌ የማይወጋ ሐኪም ለእኔ ዘመን ሰው ሐኪም አይደለም። እሷ ግን ግፊቴን ለካች፤ ጉልበቴን እያጠፈች እየዘረጋች መረመረችው። “መገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ለስላሳ አጥንት ሳስቷል። ጨርሶ አይድንም፤ ግን አብረውት ደህና መኖር ይቻላል። ማስታገሻ መርፌውን ደጋግመው ቢወጉ፣ ግፊትም ስላለብዎት፣ ኩላሊትዎን ይጎዳል” አለች። ተናድጄ ልወጣ ስል፣ “እማማ፣ በዚህ ጉልበት የተነሳ ምን ቀረብዎት?” ብላ ጠየቀችኝ።

ሐኪም ሁሉ የት ያምሻል ይላል እንጂ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሳላስበው እንባዬ መጣ። “ጎረቤቴ” አልኳት፤ ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

“ወንበር ቢጠይቁስ?”

“እሷ መሬት ተቀምጣ እኔ ከራሷ በላይ ልሆን? አላደርገውም!”

“እንግዲያው መነሳት እንማራለን” አለች።

ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ወለሉ ላይ ወርዳ አሳየችኝ፤ በጎን መዞር፣ በእጅና በጉልበት መንበርከክ፣ ግድግዳ ይዞ ደህናውን እግር ማስቀደም። እኔም ወረድኩ። “ሲያረጁ አምባር ይዋጁ” አልኳት ተንበርክኬ። ጭኔ እንዲጠነክር ደግሞ በየጠዋቱ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እግሬን እንድዘረጋና እንዳጥፍ አዘዘችኝ። በቀጠሮዬ ቀን ሁልጊዜ የምትቀበለኝ እሷው ናት፤ ገና ስገባ “ጎረቤትዎ ጋ ሄዱ?” ትለኛለች። እንደ ተማሪ የቤት ሥራዬን ስትቆጣጠረኝ እበሳጫለሁ፤ አስተማሪ መማር አይወድም። ይሁንና ውሎ አድሮ ገበያ ደርሼ መመለስ ቻልኩ።

በዚህ መሃል የጎረቤቴ ልጅ ወለደች። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ እንዴት እቀራለሁ?

“አባዮ” ብላ ከተቀመጠችበት ተቀበለችኝ ጎረቤቴ፣ እህቴ ማለቷ ነው፤ ድምጿ ግን አልሞቀም። ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ሕፃኑን ታቀፍኩ፣ ሻይ ጠጣሁ። መነሳቱን እያሰብኩ የሻዩ ጣዕም እንኳ አልታወቀኝም። መሄጃዬ ሲደርስ ሴቶቹ እጃቸውን ዘረጉልኝ። “ተዉኝ” አልኩ። በጎኔ ዞርኩ፣ ተንበረከኩ፣ ግድግዳውን ያዝኩ፣ ደህናውን እግሬን አስቀደምኩ። ቆምኩ!

“የጠፋሁት እኮ መነሳት አቅቶኝ ነው” አልኳት እያለከለክሁ። “ሐኪም አስተማረችኝ።”

ጎረቤቴ ሴቶቹ ሕፃኑን ይዘው ወደ እናቱ ሲገቡ ጠብቃ፣ “ወላሂ፣ የናቅሽኝ መስሎኝ ነበር” አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። “እኔንም ልጆቼ ናቸው የሚያነሱኝ። ስትመጪ ቀድሜ ተቀምጬ የምጠብቅሽ፣ ስትሄጂም የማልሸኝሽ፣ እንዳታዪኝ ብዬ ነው።”

እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ ኩራት ይመስለኝ ነበር።

ግድግዳውን ይዤ ተመልሼ አጠገቧ ወረድኩ። “በይ፣ በጎንሽ ዙሪ” አልኳት። ሁለት አሮጊቶች ምንጣፍ ላይ ተንበርክከን፣ አንዳችን ሌላዋን እያየን በሳቅ ፈረስን። ሳቁ ሲበርድልን እኔ ቀድሜ ተነሳሁ፤ እሷም ብዙ ታግላ፣ በአንድ እጇ ግድግዳውን በሌላው ትከሻዬን ይዛ ቆመች። ቀስ እያልን ሄደን እስከ ውጭው በር ሸኘችኝ።